ሃምሳ ሲሉት አምስት የሚሰማ ልጅ

ከሳዑዲ የተመለሰን ልጅ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ውስጥ ሱቅ የላከ ሰው ይህን ሳይታዘብ አይቀርም። «የሃምሳ ብር ስኳር ገዝተህ ና» ይባልና መቶ ብር ይሰጠዋል። ሱቅ ሲደርስ አምስት ጣቱን ዘርግቶ ያሳያል። ባለሱቁ «የአምስት ብር ስኳር የለም» ይለዋል። ባዶ እጁን ሲመለስ ቤት ያለው ሰው «ይሄ ልጅ መላክ አይሆንለትም» ብሎ ይፈርድበታል። ልጁ ግን የሰማውን አላጎደለም። በዐረብኛ ኸምሳ ማለት አምስት ነው።

የሃምሳ ብቻም አይደለም። ሠላሳ ለእሱ ጆሮ ሦስት ነው፤ በዐረብኛ ሦስት ሰላሳ ይመስላል፣ ጂዳ አካባቢ ደግሞ ተላታ ይሉታል። አርባን አርበዓ ብሎ ስለሚሰማው አራት ያደርገዋል። ሰባን ሰብዓ ብሎ ሰባት፣ ሰማንያን ስምንት። ሁለቱ ቋንቋዎች የአንድ ዘር ልጆች ስለሆኑ ነው እንዲህ የሚሆነው። አማርኛ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች ብዙ ለውጧቸዋል፤ አሥሮቹን ግን ከጥንቱ መልክ ብዙም አላራቃቸውም። ስለዚህ የእኛ አሥሮች ከዐረቡ ነጠላ ቁጥሮች ጋር ፊት ለፊት ይገጥማሉ። እልፍ እንኳ እንደዚያው ነው፤ ለእኛ አሥር ሺህ፣ ለእነሱ አንድ ሺህ።

ወሎ ውስጥ ዐረብ አገር የሄደ ሰው የሌለበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። እናቶች ሪያድና ጂዳ ወልደው፣ ልጁ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላው ይዘውት ይመለሳሉ፤ ወይም እሱን ለአያቱ ሰጥተው እነሱ እዚያው ይቀራሉ። ጎረቤቱ ልጁን ሲያየው «አፉን አልፈታም»፣ «ዐረብኛው አበላሸው» ይላል። የምጽፈው ይህ አባባል ስህተት ስለሆነ ነው። ልጁን የሚያሰናክለው ሁለቱ ቋንቋዎች መራራቃቸው ሳይሆን መቀራረባቸው ነው። የሚመሳሰሉበትን ቦታ ለይቶ ያወቀ ቤተሰብ ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ቁጥሩን ለማስያዝ ከአንድ እስከ መቶ ማስቆጠር አይረዳም፤ ልጁ በዜማ ይሸመድደዋል እንጂ ሱቅ ሲደርስ አይመጣለትም። የሚሻለው ጥንድ ጥንድ አድርጎ በእውነተኛ ብር ማሳየት ነው። የአምስት ብርና የሃምሳ ብር ኖት ጎን ለጎን አስቀምጡ። «አምስት ስጠኝ»፣ «ሃምሳ ስጠኝ» እያላችሁ እሱ ያቀብላችሁ። መጀመሪያ እጁ ይመልስ፣ አፉ በኋላ ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀን ከዚህ ጥንድ አትለፉ። በማግስቱ አራትና አርባ፣ ከዚያ ሰባትና ሰባ፣ ከዚያ ስምንትና ሰማንያ፣ ሦስትና ሠላሳ። ኖት ለሌላቸው ባቄላ ወይም የቡና ፍሬ መደርደር ይበቃል። በቀን አሥር ደቂቃ ነው። ሁለቱን እያቀያየራችሁ ስትጠይቁት አሥር ጊዜ ሳይሳሳት ካቀበለ ጥንዱ ተይዟል፤ አንድ ጊዜ ከሳተ በማግስቱ ከእሱ ጀምሩ። እስኪለምደው ድረስ ሱቅ ስትልኩት ዋጋውን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት።

የምትጽፉበት አኃዝም ወጥመድ አለው። እዚያ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሌላ አኃዝ ተምሮ ሊሆን ይችላል። በዚያ አጻጻፍ አምስት ክብ ነው፣ የእኛን ዜሮ ይመስላል። ዜሮ ነጥብ ናት። ስድስት ደግሞ የእኛን 7 ይመስላል። ሒሳብ የሚችል ልጅ ደብተሩ በኤክስ ተሞልቶ ሲመለስ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ። አሥሩን አኃዝ ትይዩ አድርጋችሁ በአንድ ካርቶን ላይ ጻፉና ለክፍል አስተማሪው አሳዩ። አስተማሪ ይህን ካወቀ ልጁን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። ትምህርቱ ራሱ ለልጁ ባዕድ አይደለም፤ ሒሳብ በዐረብኛም ሒሳብ ነው።

ወደ ቃላት ስንመጣ፣ ልጁ ሳያውቀው ብዙ አማርኛ ይዞ ነው የመጣው። ቤት፣ ዐይን፣ ደም፣ ነፍስ፣ ስም፣ ሰማይ፣ ኮከብ፣ ወለደ፣ ሞተ፣ ሰማ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ናቸው ወይም በአንድ ፊደል ቢለያዩ ነው። ሱቅ፣ ሩዝ፣ ሙዝ፣ ፉል፣ ሻይ፣ ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ ሚዛንም እንደዚሁ። በመጀመሪያው ሳምንት በእነዚህ ብቻ አናግሩት። «ሳሙና አምጣ»፣ «ሩዝ በላህ?» ሲባል ሲገባው ፊቱ ይፈታል፤ ይህ ቋንቋ የእኔም ነው ብሎ እንዲያምን የሚያደርገው እሱ ነው። «ይህ ምንድን ነው?» እያሉ እንደ ፈተና መደርደር ግን አፉን ይዘጋዋል።

የሚያጣሉ ቃላት አሉ፤ እነሱን አስቀድማችሁ እወቁ። «ላህም» ሲል ሥጋ ማለቱ ነው፣ ላም አይደለም። «ሞያ» ካለ ውሃ ጠምቶታል፤ አያት ግን ሙያ የሚል ይሰማቸውና ግራ ይጋባሉ። «ኪስ» ለእሱ ፌስታል ወይም ከረጢት ነው፤ «ኪስህ ውስጥ ክተተው» ስትሉት ከረጢት ፍለጋ ይሄዳል። ከሁሉም የከፋው ግን በፍቅር የሚነገረው ነው። አያት አቅፈው «ከልቤ እወድሃለሁ» ሲሉት ልጁ ፊቱን ያጠቁራል። በዐረብኛ ከልቢ ማለት «ውሻዬ» ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰውን ውሻ ማለት ከባድ ስድብ ነው። ይህን ቃል እናቱ በዐረብኛ ቁጭ አድርጋ ታስረዳው። በስልክም ቢሆን ይበቃል፤ ሳትውል ሳታድር ግን ታድርገው።

ድምፅ ላይ ብዙ ሰው በማያስቸግረው ነገር ይደክማል። ልጁ ጠን በዐረብኛው ወፍራም ጣ ቢለው ሰው ይረዳዋል፣ በጊዜው ይስተካከላል። ማጥበቅና ማላላትም አያሳስብም፤ ዐረብኛ ራሱ ሸዳ የሚባል የማጥበቂያ ምልክት ስላለው «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ እንደሚለይ ቶሎ ይገባዋል። ትኩረት የሚፈልጉት ሌሎች ናቸው። መጀመሪያ ቀ ነው። በሳዑዲ የዕለት ንግግር ቃፍ የሚባለውን ፊደል ብዙ ጊዜ እንደ ገ ስለሚሉት ልጁ የእኛን ቀ ወይ ገ ወይ ከ ያደርገዋል። ቀበረና ከበረ ያኔ አንድ ይሆናሉ። መጣና መታ፣ ጠፋና ተፋ፣ ጨውና ቻውም ለመለማመጃ ጥሩ ጥንዶች ናቸው። ዘዴው ይህ ነው፦ ልጁ ትንፋሹን ይያዝ፣ ከባድ ነገር እንደሚያነሳ ሰው ጉሮሮውን ይዝጋ፣ እንደዘጋው «ክ» ይበል። የሚወጣው ቅ ነው። በ«ት» ሲሞክረው ጥ፣ በ«ች» ሲሞክረው ጭ ይወጣል። ሀምዛ የሚባለውን የዐረብኛ የጉሮሮ ድምፅ ስለሚያውቅ ጉሮሮ መዝጋት ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም። ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲጫወት ራሱ ይይዘዋል።

ሁለተኛው ፐ ነው። ዐረብኛ ይህ ድምፅ የለውም፤ ፖሊስ ቦሊስ፣ ፓስታ ባስታ ይሆናል። ስስ ወረቀት ከከንፈሩ ፊት አንጠልጥሉ። «ፓ» ሲል ወረቀቱ ይርገበገባል፣ «ባ» ሲል እምብዛም አይነቃነቅም። ልጆች ይህን እንደ ጨዋታ ስለሚወዱት በአንድ ሳምንት ይጨርሱታል።

አናባቢው ግን ጊዜ ይወስዳል፣ የፊደል ትምህርቱንም የሚያበላሸው እሱ ነው። ዐረብኛ የሚጽፋቸው አናባቢዎች ሦስት ናቸው፦ ፈትሃ (አ)፣ ከስራ (ኢ)፣ ደማ (ኡ)። ስለዚህ ሰ እና ሳ፣ ስ እና ሲ፣ ሱ እና ሶ ይደባለቁበታል። ልጅን ሊጅ፣ ስምን ሲም ይላል። ይህን ልጅ እንደ ሌላው «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያስባሉ በዜማ ማስኬድ ውጤቱ ደካማ ነው፤ ዜማውን ይይዛል፣ ፊደሉን ለብቻው ስታሳዩት ግን አያውቀውም። እኔ የምመክረው ከሚያውቃቸው ረድፎች መጀመር ነው፦ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ። ቡ፣ ቢ፣ ባ በዐረብኛም አሉ። እነዚህ ሲረጋጉ ግዕዝና ሳድስ ይጨመሩ፣ ኃምስና ሳብዕ ይከተሉ። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት አባዝቶ 231 ብሎ ማስፈራራትም አያስፈልግም፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን ለጊዜው ብታቆዩአቸው 28 ይቀራሉ።

ለትልልቆቹ ልጆች ደግሞ እነዚያ የቆዩት ፊደላት ስጦታ ናቸው። የአገር ልጅ ዐይን በአ ይሁን በዐ እድሜውን ሙሉ ሲጠራጠር ይኖራል። ዐረብኛ የሚያውቅ ልጅ ግን ዐ በዐረብኛው ዐይን የሚባለው ፊደል፣ ሐ ደግሞ ሓው መሆኑን ከነገራችሁት ዐይንን፣ ሐዘንን፣ ሒሳብን ሳይሳሳት ይጽፋል። ደብተሩን ከቀኝ ሊከፍት፣ ከቀኝ ሊጽፍ ይችላል፤ በየገጹ በግራ ጥግ ላይ ኮከብ ሳሉለት፣ ከኮከቡ ይጀምራል። ወሎ ውስጥ የመንዙማ ሊቃውንት አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ ሲጽፉ ኖረዋል። አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ አዲስ ቃል ሲሰማ በዐረብኛ ፊደል ደብተሩ ጠርዝ ላይ ቢጽፈው አትከልክሉት። ፊደሉ ሲጠናለት ራሱ ይተወዋል።

ሰዓትና ቀን። «ሁለት ሰዓት ትምህርት ቤት ድረስ» ሲባል እሱ የሚረዳው ከቀትር በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ነው፤ እዚያ ጠዋት የሚባለው ስምንት ሰዓት ነበር። ስድስት ሰዓት ቀንስ ማለት ለልጅ ይከብዳል። ለሙስሊሙ ልጅ በሶላት ማሰር ይቀላል፦ ዙሁር ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል፣ መግሪብ አሥራ ሁለት አለፍ ሲል። ዐስርና አሥር ሰዓት ይምታቱበታል፣ ግን የዐስር ሶላት ከአሥር ሰዓት ብዙ ስለማይርቅ ጉዳቱ ትንሽ ነው። እዚያ የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ነበር። እዚህ ዓርብ ትምህርት መኖሩን፣ እሑድ ደግሞ አለመኖሩን አስቀድማችሁ ካልነገራችሁት የመጀመሪያውን ዓርብ ቤት ሊውል ይችላል።

ወረቀት ላይ የሚሠራ ስህተት ግን ለዓመታት ይከተላል። የልደት ዘመኑ ለምሳሌ በሂጅራ 1437፣ በፈረንጅ 2016 ተብሎ ይመጣል። መዝጋቢው 2016ን እንዳለ ከገለበጠው ልጁ ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ሆኖ ይመዘገባል። መጋቢት ላይ የተወለደ ከሆነ ትክክለኛው 2008 ነው። የፈረንጅ ዘመን ከመስከረም በፊት ሲሆን 8፣ ከእኛ አዲስ ዓመት እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሲሆን 7 ይቀነሳል፤ ቀኑም ለብቻው ይሰላል። ይህን አስልታችሁ፣ ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ስምም እንደዚሁ ነው። ሰይድና ሰዒድ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ ፋጡማ እዚያ ፋጢማ ተብላ፣ ዘይነባ ዘይነብ ተብላ ትመለሳለች። በልደት ምስክር ወረቀቱ፣ በትምህርት ቤቱ መዝገብና በእናትየው መታወቂያ ላይ አጻጻፉ አንድ ይሁን። የማይገጥም ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት አስተካክሉ፤ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ማስተካከል ብዙ ያመላልሳል።

ክፍል ላይ ደግሞ ጠንከር በሉ። የአሥር ዓመት ልጅ አማርኛ ስለማይችል ብቻ አንደኛ ክፍል ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር እንዲቀመጥ ሲደረግ ያፍራል፣ ያኮርፋል፣ ከዚያ ይቀራል። በሒሳብ ይፈተን፤ በእሱ የሚገባው ክፍል ይሰጠው፤ አማርኛው ከዚያ ጎን ለጎን ይደገፍ። የመጫወቻ አማርኛ በአንድ ወይም ሁለት ዓመት ይመጣል። መጽሐፍ የሚያነቡበት፣ ፈተና የሚሠሩበት አማርኛ ግን አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ እንደሚፈጅ ሁለተኛ ቋንቋን ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው አሳይተዋል። ሰፈር ውስጥ ቀልጠፍ ብሎ የሚያወራ ልጅ በኅብረተሰብ ትምህርት ዝቅተኛ ውጤት ሲያመጣ «ሰንፏል» የሚባለው ይህን ካለማወቅ ነው።

ሲመጣ ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ለወራት ዝም ይላል። ዝምታው ማዳመጥ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከእናቱ ጋር በዐረብኛ ሲያወራ እንደ እድሜው ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም። በዐረብኛም የማያወራ፣ ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር ከሆነ ግን ጆሮውን ሆስፒታል አስመርምሩ፤ «ቋንቋው እስኪመጣ» ብላችሁ አትቆዩ።

ቤት ውስጥ ማን በየትኛው ቋንቋ ያናግረው የሚለው ብዙ ያከራክራል። አያቶች አማርኛ ብቻ ይናገሩ፤ ሦስት የዐረብኛ ቃል ለምደው ሊያግዙት ሲሞክሩ ልጁ አማርኛ የመሞከር ምክንያት ያጣል። ከሚሴ፣ ሐርቡ ወይም ባቲ በኩል የሆኑና ቤታቸው ኦሮምኛ የሚነገር ቤተሰቦችም ኦሮምኛውን አይተዉ፤ ልጅ ሦስት ቋንቋ ይችላል፤ የሚያስቸግረው አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስቱንም ሲቀላቅልበት ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ እናት ማታ ደክማ ስትገባ በዐረብኛ ብታወራው ነውር የለውም። የሚናፍቀው፣ የሚያዝነው፣ የሚፈራው ገና በዐረብኛ ነው፤ ያንን የሚሰማው ሰው ቤት ውስጥ አንድ ይኑር። ዐረብኛውን አስጥሉት የሚሉትን አልቀበልም። ቁርኣን ቤት ቢገባ ከእኩዮቹ የሚቀድምበት አንድ ቦታ ያገኛል፤ «ዐረቡ» እያሉ ለሚያላግጡበት ልጆችም ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

የመጨረሻው አንቱታ ነው፣ ቤተሰብን የሚያስከፋውም ይኸው ነው። በዕለት ዐረብኛ አያትም ሕፃንም ኢንታ ነው የሚባለው፤ ለሴት ኢንቲ። ስለዚህ ልጁ አያቱን «አንተ፣ ና» ይላል፤ «ባለጌ» ይባላል። መጀመሪያ ቤተሰቡ ይወስን። እናትን በአንቺ የሚጠሩ ቤቶች አሉ፣ አያትን ግን አንቱ ወይም እርስዎ ይላሉ። በዚያ ቤት ማን በምን እንደሚጠራ ካልተስማማችሁ ልጁ የሚከተለው ደንብ የለም። ሰዋስው አታስተምሩት፤ አራት ነገር ብቻ ይያዝ፦ ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ፣ ይጠጡ።

ለዚህ የሚሻል ቦታ ከቡና አጠገብ አላየሁም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል አንድ ዓይነት ንግግር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። በረካ ልጁ የሚያውቀው ቃል ነው፤ ምርቃቱ ሲወርድ አሚን ማለትም ያውቅበታል። ሲኒ የማደሉን ሥራ ለእሱ ስጡት። «እማማ፣ ቡና ትጠጣለህ?» ብሎ ሲመጣ አትሳቁ፣ አትቆጡም። አያት እንዲህ ይመልሱለት፦ «‹እማማ፣ ቡና ይጠጣሉ?› አልከኝ? እጠጣለሁ ልጄ፣ አምጣልኝ።» ሲኒውን ይቀበሉት፤ ስኳሩን ግን አይጠይቁ። በቶናው ካልሆነ በበረካው «እማማ፣ ስኳር ይጨምራሉ?» እስኪል ይጠብቁት።